አዲስ አበባ ከሲና ተራራ ጫፍ በላይ ናት፦ የዳይቪንግ ኮርስ ቦታ ለምትመርጡ

ውድ አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጉዞ ገጽ ላይ ስለ ጅቡቲ ያስነበባችሁትን ጽሑፍ ከእህቴ ልጅ ጋር ሆነን አነበብነው። ጽሑፉን ወደድኩት። ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከሥሩ የነበረው የአንድ የጉዞ ወኪል ማስታወቂያ ነው። «ዓርብ ሄደው እሁድ ይመለሱ፤ የአድቫንስድ ስኩባ ዳይቪንግ ሰርተፊኬትዎን ይዘው ይምጡ» ይላል። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ ሁለተኛው ኮርስ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ኮርስ ጨርሷል። ሁለተኛውን የት ልውሰድ እያለ ሲያማክረኝ ቆይቷል። ማስታወቂያውን እንዳየ ወዲያው ሊደውል ስልኩን አወጣ።

የደወልኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጠለቃ እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ያልቃል አሉኝ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «በመሃል ያለው ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፣ ከጠለቃ በኋላ ለመብረር አይበቃም» አልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት በትሕትና መለሰልኝ፦ «እትዬ፣ በረራው እኮ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ምንም አይልም።»

ልጁ ክፋት የለበትም። የሚሸጠውን ነገር በደንብ ያስረዳው ሰው የለም እንጂ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ይህንኑ መልስ ሰምቶ አምኖ የሚሄደው ሰው ነው። ስለዚህ ቦታ ስንመርጥ እኛ የደጋ ሰዎች ምን ማየት እንዳለብን የማውቀውን ልጻፍ።

ሙያዬ ፋርማሲስትነት ነው። ዱባይ እሠራ በነበረበት ጊዜ ፉጃይራ ላይ ዳይቪንግ ተማርኩ። አድቫንስዱን የወሰድኩት ግብፅ፣ ዳሃብ ነው። አሁን አዲስ አበባ ገብቼ እኖራለሁ። ባሕሩን ግን አልተውኩትም።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያው ኮርስ እስከ 18 ሜትር ያወርዳል። አድቫንስዱ እስከ 30 ሜትር። ፓዲ በሚባለው የዳይቪንግ አሰልጣኝ ድርጅት ሥርዓት አምስት ጠለቃ ነው፤ የጽሑፍ ፈተና የለውም። ሁለቱ ጠለቃዎች ግዴታ ናቸው፦ አንዱ ጥልቀት፣ ሌላው በኮምፓስ አቅጣጫ ይዞ መሄድ። የቀሩትን ሦስቱን ተማሪው ይመርጣል። የሌሊት ጠለቃ አለ፣ የሰመጠ መርከብ አለ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። በሁለት ቀን ያልቃል። «አድቫንስድ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመጀመሪያው ኮርስ በቀጥታ የሚወሰድ ስለሆነ ገና የጀማሪ ትምህርት ነው። ኤስኤስአይ በሚባለው ድርጅት ዘንድ ደግሞ የዚህ አቻ አድቫንስድ አድቬንቸረር ይባላል። እዚያ አድቫንስድ ኦፕን ዋተር ለመባል አራት ልዩ ኮርሶችና 24 ጠለቃ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ስሙን ትታችሁ በውስጡ ስንት ጠለቃ እንዳለ ጠይቁ።

ከ18 ወደ 30 መውረድ የ12 ሜትር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር፣ ማለትም በባሕሩ ገጽ ባለው ግፊት ልክ፣ ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ አራት እጥፍ ነው። ከሲሊንደሩ የምንስበው አየርም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። በፓዲ ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ እስከ 56 ደቂቃ መቆየት ይቻላል፤ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ብቻ። ቀይ ቀለም እዚያ አይታይም፣ ግራጫ ይሆናል። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም አንዳንዱን ሰው ያሰክረዋል። አደገኛው ነገር ሰውየው መስከሩን አለማወቁ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ለማሳየት አንድ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ መጀመሪያ የብስ ላይ ያሠራችኋል፤ ከዚያ 30 ሜትር ላይ ያስደግማችኋል። እኔ ታች ስሠራው ቁጥሮቹን ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ። ላይ ግን ወዲያው ነበር የጨረስኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከውሃው ስንወጣ በግፊት የገባው ናይትሮጅን ገና ሰውነታችን ውስጥ ነው። ቀስ እያለ በትንፋሽ ይወጣል። ሳይወጣ ወደ ከፍታ ከሄድን በዙሪያችን ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሆናል፤ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው። አረፋው መገጣጠሚያ አካባቢ ከሆነ ያማል። አከርካሪን ከነካ እግር ያደነዝዛል፣ ያዝላል፣ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል። የጠለቃ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ሕክምናው ንጹሕ ኦክስጅንና ቻምበር የሚባለው የግፊት ክፍል ነው።

ከጠለቃ በኋላ ለመብረር የጥበቃ ሰዓት የተወሰነው ለዚህ ነው። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት። ከተደጋጋሚ ጠለቃ ወይም በተከታታይ ቀናት ከተደረገ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት። አድቫንስድ አምስት ጠለቃ ስለሆነ የሚመለከተው 18ቱ ነው። ብዙ አሰልጣኞች ሙሉ ቀን ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ይህ ምክር የወጣው በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ያለውን ከፍታ ስለሚመስል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህንን ደጋግማችሁ አስቡት። ወደ ሮም ወይም ወደ ዱባይ የሚበር ጠላቂ በረራው ሲያልቅ ወደ ባሕር ጠለል አካባቢ ይመለሳል፤ ግፊቱም ይመለስለታል። እኛ ቦሌ አርፈን እዚያው ከፍታ ላይ እንቀራለን። እራታችንን በልተን እንተኛለን፣ በማግስቱ ሥራ እንገባለን። በ787 ድሪምላይነር ከመጣን እንዲያውም የአውሮፕላኑ ውስጥ ከ1,800 ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ከበረራው ይልቅ ቤታችን ከፍ ይላል። «በረራው አንድ ሰዓት ነው» የሚለው መልስ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም ትርጉም የለውም።

በመኪና ወይም በባቡር ስለምመለስ አይመለከተኝም የሚል ይኖራል። ይመለከተዋል። በዳይቪንግ ትምህርት ከ300 ሜትር በላይ ያለው ሁሉ ከፍታ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ድሬዳዋ ብቻዋን 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። መድረሻው አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በብዙ ከፍ ትላለች።

ይህንን ነገር መጀመሪያ በደንብ ያስረዳችኝ የዳሃብ አሰልጣኜ ናት። ዳሃብ በሲና ልሳነ ምድር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙዎቹ የጠለቃ ቦታዎች ጀልባ አይፈልጉም፤ ከባሕር ዳርቻው በእግር ተገብቶ ነው የሚጠለቀው። ላይትሃውስ የሚሉት ቦታ ከሻይ ቤቶቹ ፊት ለፊት ነው። ኮርሱን ለመመዝገብ ስሄድ ዋጋውን ከመናገሯ በፊት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅሽው መቼ ነው? ጆሮሽን አሞሽ ያውቃል? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ኮርሱ ሲያልቅ ወዴት ትሄጃለሽ?

ለመጨረሻው ጥያቄ የመለስኩት በደስታ ነበር። ሲና ተራራ ልወጣ፣ የቅድስት ካትሪንን ገዳም ልሳለም ነው አልኳት። እስከዚያ ሄዶ ሙሴ ሕጉን የተቀበለበትን ተራራ ሳይረግጡ መመለስ እንዴት ይሆናል? እሷ ግን ወዲያው ቀኖቼን ቆጠረች። ተራራው 2,285 ሜትር ነው፤ ሰው ሌሊት ወጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሙሉ ቀን ካላረፍሽ አልመዘግብሽም አለችኝ። የኮርሱን ቀን አስቀደመችልኝና መጨረሻ ላይ አንድ ቀን በባዶ ተወችልኝ። በዚያ ቀን ምንም አትሸጥልኝም፤ ገቢ አታገኝበትም። እኔም ወዲያው አገሬን አሰብኩ። እኛ የምንኖረው እኮ ከሲና ተራራ ጫፍ በላይ ነው። ለአንድ ሌሊት ጉዞ እሷን ይህን ያህል ያሳሰባት ከፍታ ለእኛ የዘወትር ቤታችን ነው።

ቦታ መምረጫዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ «ከዚህ በኋላ ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም? የሚጠይቅ ከሆነ ሌላውንም ነገር አስቦበታል ማለት ነው። የማይጠይቅ ከሆነ ባሕሩ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልመዘገብም።

እንግዲህ የት? የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ የሚከራከሩባቸውን ቦታዎች በማውቀው ልክ ልናገር።

ጅቡቲ ለእኛ ቅርቧ ናት። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ከከተማው በጀልባ ይደረስባቸዋል፤ ኮራሉም ለትምህርት ይመቻል። ብዙ ሰው የሚሄደው ግን ዌል ሻርክ ለማየት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ ይመጣሉ። ትልቅ ዓሣ ናቸው፤ ሰው አይነኩም፤ ምግባቸው ፕላንክተን የሚባሉት ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዌል ሻርኩ የሚበላው ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ የሚታየው በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ነው። አድቫንስድ ካርድ አያስፈልገውም። በዚያ ወቅት ዌል ሻርኩን የሚያመጣው ፕላንክተን ውሃውን ስለሚያደበዝዘው፣ ኮምፓስና ጥልቀት ለመማር ሌላ ወር ሊሻል ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ለማጨቅ መሞከር ሁለቱንም ያበላሻል። ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች ደግሞ ባብኤልማንደብ መግቢያ ላይ ናቸው፤ የውሃው ፍሰት ኃይለኛ ነው። ተምሮ የሚኬድበት ቦታ ነው እንጂ ሊማሩበት የሚኬድበት አይደለም። ጅቡቲ ስትደውሉ አሰልጣኙ በምን ቋንቋ እንደሚያስተምርም ጠይቁ። በብዛት ፈረንሳይኛ ነው። 30 ሜትር ላይ ንግግር የለም፤ የእጅ ምልክቱን ላይ ሳላችሁ በደንብ ካልገባችሁ ታች አይገባችሁም።

ዳሃብን ከላይ አንስቻለሁ። ጥልቁ ውሃ ከዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ለትምህርት ግሩም ነው። ቀስ ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ፤ የጀልባ ሰዓት የሚያጣድፋችሁ የለም። ብሉ ሆል ግን ዳሃብ ነው ያለው። ጉድጓዱ ከ100 ሜትር ያልፋል። በ55 ሜትር አካባቢ ወደ ውጭው ባሕር የሚያሳልፍ ቅስት አለው። በዚያ ቅስት ለማለፍ ሲሞክሩ ብዙ ሰዎች ሞተዋል። የመታሰቢያ ጽሑፋቸው ዳርቻው ላይ ካለው ገደል ላይ ተለጥፏል። አድቫንስድ ካርድ 30 ሜትር ነው የሚለው። «ቅስቱን አሳያችኋለሁ» የሚል አስጎብኚ ከገጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ። ከዚያው ከሲና ወገን፣ ከሻርም ኤል ሼክ በጀልባ የሚኬድበት ቲስልጎርም የሚባል የእንግሊዝ መርከብ አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውሮፕላን ተመትቶ የሰመጠ ነው። ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪናዎች እንደተጫኑበት 30 ሜትር ላይ ተቀምጧል። አድቫንስድ መውሰድ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ የምሰጠው መልስ እሱ ነው።

ኤምሬትስ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ፉጃይራ አላችሁ። ሆን ተብሎ እንዲሰምጡ የተደረጉ ኢንችኬፕ የሚባሉ መርከቦች አሉት፤ አንደኛው 30 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዱባይ ውስጥም በ2021 እ.ኤ.አ. የተከፈተ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ። ውሃው 30 ዲግሪ ሙቀት አለው። ውሃ ውስጥ ሚዛን መጠበቅን ለመለማመድ ጥሩ ነው። ግን ኮምፓስ የሚለመደው ፍሰትና አሸዋ ባለበት፣ የገንዳው ግድግዳ በማይታይበት ቦታ ነው። ለአድቫንስድ እኔ ባሕሩን እመርጣለሁ። ከዚያ ወደ አገር ቤት ለዕረፍት የምትመጡም የመጨረሻውን ጠለቃ ከትኬታችሁ ጋር አስታርቁት። የሻንጣው ግርግር ያስረሳል።

ዛንዚባር ደስ ይላል፣ ቀጥታ በረራም አለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ትልቁ ዝናብ ወቅት ግን አትሂዱ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ለምን አንማርም የሚሉም አሉ። ቢሾፍቱ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ መጥለቅ ራሱን የቻለ የከፍታ ጠለቃ ነው፤ ሠንጠረዡ ይለያል። መጀመሪያ ባሕር ላይ ተምራችሁ ኑ።

የትም ብትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ልትጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። በአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ? ሕጉ እስከ ስምንት ይፈቅዳል። እኔ ከአራት በላይ ከሆነ አልገባም፤ 30 ሜትር ላይ አንድ ሰው ስምንት ሰዎችን እንዴት አድርጎ ያያል? ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ? ቅርቡ ቻምበር የት ነው፣ በስንት ሰዓት ይደረሳል? ኢንሹራንስም ያዙ። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ዳይቪንግን ይተዋል፤ ወረቀቱን አንብቡ። ዋጋው ርካሽ ከመሰላችሁ የዕቃ ኪራይ፣ የጀልባና የካርድ ክፍያ ውስጡ መኖሩን አጣሩ።

በሙያዬ የምጨምረው አለኝ። ወደ ጅቡቲና ወደ ዛንዚባር የሚሄዱ ሰዎች የወባ መከላከያ ሊገዙ ወደ እኛ ይመጣሉ። ዳይቪንግ ልትወስዱ ከሆነ ንገሩን። ሜፍሎኪን የሚባለው መድኃኒት ማዞርና መረበሽ ሊያመጣ ስለሚችል ለጠላቂ አይመከርም፤ ከጠለቃ ሕመም ጋር ይምታታል። ሌሎች አማራጮች አሉ፤ ሐኪማችሁ ይመርጥላችኋል። ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ ደግሞ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ውጣችሁ አትውረዱ። መድኃኒቱ ታች እያላችሁ ኃይሉን ከጨረሰ ጆሮና ሳይነስ ውስጥ የታፈነው አየር ስትወጡ መውጫ ያጣል። ገንዘቡ ቢቀርም ቀኑን አስተላልፉት። አስም ያለባችሁም የጤና መጠይቁን በእውነት ሙሉት። መጠይቁ የተዘጋጀው ለእናንተው ነው።

ማስታወቂያውን ላወጡት ወገኖች የምለምነው አንድ ነገር ነው። መመለሻውን ከእሁድ ምሽት ወደ ሰኞ ምሽት አዙሩት። አንድ የሆቴል አዳር ይጨምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ሰው ግን ምክንያቱ ከተነገረው ይከፍላል። ጋዜጣችሁም እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስተዋውቅ ከሥሩ «ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ አይመለሱ» የሚል አንድ መስመር ቢያክልበት ትልቅ ውለታ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም፣ በፋርማሲና በድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩት፣ አንድ ቃል አለኝ። ሰኞ ጠዋት አንድ ጤነኛ ወጣት ትከሻዬን ያመኛል፣ እጄን ይደነዝዘኛል፣ ያለ ምክንያት ደክሞኛል ብሎ ሲመጣ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተን እንሸኘዋለን። ቅዳሜና እሁድ የት ነበርክ ብላችሁ ጠይቁት። ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር ካላችሁ ኦክስጅን ስጡት፣ አስተኙት፣ ጊዜ አታጥፉ። የዳን የድንገተኛ ስልክ 24 ሰዓት ይሠራል፤ ሐኪም ለሐኪም ያነጋግራሉ፣ ወደ ቻምበር የሚላክበትንም መንገድ ይነግሯችኋል። እንዲህ ያለው ታማሚ በአውሮፕላን የሚላክ ከሆነም የበረራው ግፊት እንደ ባሕር ጠለል እንዲሆን ወይም አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ እንዲበር ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስት አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ፣ አዲስ አበባ